ድምፅ ለሚሰማ ሰው የሚሆን ማይንድፉልነስ፦ ደረጃ በደረጃ፣ በጥንቃቄ

ከታካሚም ከአስታማሚም ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ታካሚው «ስኪዞፍሬኒያ አለብኝ፤ ሜዲቴሽን ብጀምር ይጠቅመኛል ወይስ ይብስብኛል?» ይላል። አስታማሚው ደግሞ «ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ለሰዓታት ይቀመጣል፤ ልተወው ወይስ ላስቁመው?» ይለኛል። ለሁለቱም በየጊዜው ከምመልስ ብዬ ሁሉንም እዚህ ጻፍኩት።

አጭሩ መልስ፦ ይቻላል፤ አሠራሩ ግን ይለያል። ማይንድፉልነስ ከሜዲቴሽን ዓይነቶች አንዱ ነው፤ አሁን እየሆነ ያለውን ነገር ሳይፈርዱ ልብ ማለትን የሚያለማምድ። የተለመደው የ8 ሳምንት ሥልጠናው በቀን እስከ 45 ደቂቃ የቤት ልምምድ ይጠይቃል፤ ሙሉ ቀን በዝምታ የሚያልፍበትም አለ። ይህ ሳይኮሲስ ላለበት ሰው፣ ማለትም እንደ ስኪዞፍሬኒያ ባለ ሕመም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ለሚሰማ ወይም መሠረት የሌለው ጽኑ ጥርጣሬ ለሚይዘው ሰው፣ አይሆንም። ለእርስዎ የሚሆነው ከ10 ደቂቃ የማይበልጥ፣ ዓይን ተገልጦ የሚሠራ፣ ረጅም ዝምታ የሌለበት፣ በሰው ድምፅ የሚመራ ልምምድ ነው።

ከመጀመራችን በፊት በአንድ ነገር እንግባባ። ልምምዱ ድምፁን ለማጥፋት አይደለም። ድምፁ ሲመጣ፣ ጥርጣሬው ሲመጣ፣ ሳይታገሉትም ሳይከተሉትም መቆየትን ለመልመድ ነው። ድምፁ ራሱ ያስጨንቃል። ከዚያ በኋላ የምናደርገው ነገር ደግሞ ጭንቀቱን ያበዛዋል፦ መከራከር፣ መታዘዝ፣ መደበቅ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስሉት መዋል። ልምምዱ የሚሠራው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው። ጥናቶች የሚያሳዩት ጥቅም መጠነኛ ነው። ስለዚህ ከመድኃኒትና ከክትትል ጋር ይጨመራል እንጂ በእነሱ ቦታ አይተካም።

አሁን ጊዜው ነው ወይ?

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ዛሬ አይጀምሩ። መጀመሪያ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

- ሕመሙ አገርሽቶ ከሆነ፣ ወይም ካለፉት ሳምንታት ወዲህ እየባሰ ከሆነ።
- ድምፁ ራስዎን ወይም ሌላ ሰው እንዲጎዱ የሚያዝ ከሆነ። ይህ ጉዳይ ልምምድ እስኪጀመር አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ሕክምና ይፈልጋል።
- ለተከታታይ ሌሊቶች እንቅልፍ ካጡ። የእንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል።
- ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ካለብዎትና ሰሞኑን ያለ እንቅልፍ ብርታት፣ የንግግር ፍጥነትና የሐሳብ ሩጫ ካዩ።
- መድኃኒትዎን በራስዎ ካቋረጡ፣ ወይም ሐኪሙ ገና ሰሞኑን ከቀየረልዎት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደገፍ የሚያደርግ ወንበር። አልጋ አይሁን፤ እንቅልፍ ይወስድዎታል።
- ሰዓት ወይም የስልክ ማንቂያ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- በእጅ የሚያዝ አንድ ዕቃ፦ ኩባያ፣ ድንጋይ፣ ቁልፍ፣ የጨርቅ ቁራጭ።
- የሚያምኑት አንድ ሰው። ሌላው ሁሉ ቢጎድል መላ አለው፤ ይህኛው ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባይቀር እመርጣለሁ።

አሠራሩ

1. ለሚከታተልዎት ባለሙያ ይንገሩ። ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ «በእኔ ሁኔታ ጊዜው ነው ወይ?» እና «ምን ምልክት ባይ ልደውል?»። መልሱን ደብተሩ ላይ ይጻፉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የመድኃኒት ለውጥና ልምምዱ አንድ ሰሞን ከተገጣጠሙ፣ ያሻለዎትም ያባሰብዎትም የትኛው እንደሆነ ማንም መለየት አይችልም።

2. አብሮዎት የሚቀመጥ ሰው ይምረጡ። ሥራው ከታች ያለውን የመምሪያ ጽሑፍ ማንበብና ሲያልቅ ሁለት ደቂቃ ማውራት ነው። ሕመሙ ማገርሸት ሲጀምር ለውጡን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ሌላ ሰው ነው፤ ሰውየው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የስልክ መተግበሪያ ይህን አያይልዎትም። በዚያ ላይ አንዳንድ ሰው የማያውቀው የተቀዳ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ሲገባ ከራሱ ድምፆች ጋር ይደባለቅበታል። መቅጃ መጠቀም ካለብዎት የሚያውቁት ሰው ያንብብልዎትና በስፒከር ያዳምጡት።

3. ቦታና ሰዓት ይወስኑ። ብርሃን ያለበት ክፍል ይሁን። ጨለማና ጭር ያለ ቦታ ለድምፆች መንገድ ይከፍታል። ጥርጣሬ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ጀርባዎን ለግድግዳ፣ ፊትዎን ለበሩ አድርገው ይቀመጡ፤ ከኋላዬ ማን አለ እያሉ ልምምድ የለም። መድኃኒቱ የሚያንቀላፋዎት ሰዓት ላይም አይሁን።

4. ከመጀመርዎ በፊት አንድ ቁጥር ይጻፉ። «አሁን ጭንቀቴ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» 0 ምንም፣ 10 የመጨረሻው ነው። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የዛሬውን ይዝለሉት። ይራመዱ፣ ከሰው ጋር ያውሩ፣ የለመዱትን የማረጋጊያ ነገር ያድርጉ። ዋና የሚለመደው ውሃው በተረጋጋበት ቀን ነው።

5. «መመለሻ» ይምረጡ። መመለሻ ማለት ሐሳብዎ በሄደ ቁጥር ትኩረትዎን የሚመልሱበት፣ አሁን እዚህ ያለ፣ የሚዳሰስ ነገር ነው። ብዙ መመሪያ ሰውን በቀጥታ ትንፋሽ ላይ ያስቀምጣል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው የእግር መዳፍን ነው። እግር መሬት ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ግልጽ ነው፤ ከራስም ራቅ ይላል። ትንፋሽ ላይ ማተኮር አንዳንዱን ሰው ያስጨንቀዋል፤ ትንፋሼን ሌላ ኃይል ይቆጣጠረዋል ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ ጭራሽ ባይሞክረው ይሻላል።

በአካልዎ ላይ የሚነካዎት ነገር ያለ የሚመስልዎት ከሆነ ከራስ እስከ እግር እየቃኙ የሚሠራውን ልምምድ ይተዉት። በምትኩ በእጅ ያለው ዕቃ ይሁን መመለሻዎ፦ ቅዝቃዜው፣ ሻካራነቱ፣ ክብደቱ። «ራስህን እንደ ተራራ አድርገህ አስብ» የሚሉ የምናብ ልምምዶችንም አልመክርም። በምናብና በእውን መካከል ያለው ድንበር ለሚላላበት ሰው የሚረዳው የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ነው።

6. ለ3 ደቂቃ ይቀመጡ። ዓይንዎን ገልጠው ወለሉ ላይ አንድ ቦታ ያሳርፉ። አንባቢው ቀስ ብሎ ያንብብ። በየመስመሩ መካከል ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ይበል፤ ከአንድ ደቂቃ ግን አይለፍ። ዝምታው ሲረዝም ሰው በድምፁ ወይም በጥርጣሬው ይወሰዳል፤ አጭር ንግግር እየመጣ ይመልሰዋል።

7. ድምፁ ወይም ጥርጣሬው ሲመጣ። የመመሪያው ልብ ይህ ነው። ሊመጣ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ። መምጣቱ ልምምዱ ተበላሸ ማለት አይደለም። የሚያደርጉት እንዲህ ነው፦

ሀ) *መምጣቱን በአጭሩ ይጥሩት።* በልብዎ «ድምፅ መጣ» ወይም «የጥርጣሬ ሐሳብ መጣ» ይበሉ። ከዚህ በላይ አይጨምሩ። «ያ ክፉ ጠላቴ መጣ» ካሉ ግን ጠብ ጀመሩ ማለት ነው፤ ድምፁ ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ለ) *ይዘቱን አይመልሱለት።* ለምሳሌ ድምፁ «ሁሉም ይጠሉሃል» ቢል፣ እውነት ነው አይደለም የሚለው ክርክር የዚህ ሰዓት ሥራ አይደለም። እውነት ነው ብለው መቀበልም፣ ውሸት ነው ብለው መሟገትም አይጠበቅብዎትም። ይህ ለብዙ ሰው እፎይታ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ከሁለቱ አንዱን ሲያደርግ ኖሯልና።

ሐ) *ሰውነትዎ ምን አደረገ?* ትከሻ ተወጠረ? ደረት ጠበበ? መንጋጋ ተነከሰ? ልብ ብለው ይለፉት። ለማላላት አይታገሉ።

መ) *ወደ መመለሻው ይመለሱ።* እግር፣ ወለል፣ ክብደት። ድምፁ እያወራ ሊሆን ይችላል፤ ያውራ። እርስዎ እግርዎ ጋ ነዎት።

ሠ) *እንደገና ሲወሰዱ እንደገና ይመለሱ።* በ3 ደቂቃ ውስጥ ሃያ ጊዜ ቢወሰዱ ሃያ ጊዜ ተመለሱ ማለት ነው። የሚለመደው መመለሱ ነው። ራስን መውቀስ ሲመጣ እሱንም «ወቀሳ መጣ» ብለው ያሳልፉት።

ድምፁ ከበረታና መመለስ ካቃተዎት በዚያው ያቁሙ። እስከ ማንቂያው መታገስ ጀግንነት አይደለም። ተነሥተው ይቁሙ፣ ፊትዎን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡ፣ ከአጠገብዎ ካለው ሰው ጋር ስለ ተራ ነገር ያውሩ።

8. በአግባቡ ይዝጉ። ማንቂያው ሲደውል ዘለው አይነሡ። ክፍሉን ይቃኙ፤ የሚያዩትን ሦስት ነገር በቃል ይጥሩ፦ «መስኮት፣ ጠረጴዛ፣ ጫማ»። ያሉበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ ቀጥሎ የሚሠሩትን ጮክ ብለው ይናገሩ። ከዚያ ተነሥተው እጅ የሚያሠራ ነገር ያድርጉ፤ ዕቃ ይጠቡ፣ ልብስ ይጠፉ። ይህ ደረጃ ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ካልተዘጋ ግን ሰው ግማሽ ልቡ እዚያው እንደቀረ ይውላል።

9. ሁለተኛውን ቁጥር ይጻፉ። ቀን፣ ደቂቃ፣ ጭንቀት ከልምምዱ በፊትና በኋላ፣ ያለፈው ሌሊት እንቅልፍ በሰዓት፣ መድኃኒት ተወስዷል ወይስ አልተወሰደም። አንድ መስመር ይበቃል። ከዚያ አብሮዎት ለተቀመጠው ሰው ምን እንዳስተዋሉ ይንገሩት።

10. ቀስ ብለው ያሳድጉ። የመጀመሪያውን ሳምንት 3 ደቂቃ። ቁጥሩ ካልባሰ ቀጣዩን ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት 5 ደቂቃ። ከዚያ ወደ 8፣ ወደ 10። 10 ላይ ይቁሙ። ጊዜውን ከማስረዘም ይልቅ ልምምዱን ወደ ቀን ውሎ ያስገቡት፦ ወረፋ ሲጠብቁ፣ መንገድ ሲሻገሩ፣ ሰው በተሰበሰበበት ጥርጣሬው ሲነሣ አንድ ደቂቃ እግርዎን ይሰሙ። ጥቅሙ የሚታየው ወንበሩ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው። አንድ ቀን ቢያመልጥዎት ደግሞ አያካክሱት፤ በሚቀጥለው ቀን ከነበሩበት ይቀጥሉ።

መቀመጥ ካልተቻለ

አንዳንድ ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት እግርን ያቁነጠንጣል፤ ሰውየው አንድ ቦታ መርጋት ያቅተዋል። ይህ የፍላጎት ማነስ አይደለም። ሊታከም የሚችል የጎንዮሽ ጉዳት ስለሆነ ለሐኪም ይነገር። እስከዚያው በእግር ይለማመዱ፦ አሥር እርምጃ ወደፊት፣ ዞሮ አሥር እርምጃ ወደኋላ፣ በተለመደው ፍጥነት። ተረከዝ ሲያርፍ፣ ጣት ሲነሣ ይሰሙት። የተቀረው ሁሉ ያው ነው።

ለአንባቢው የመምሪያ ጽሑፍ

በተለመደ የንግግር ድምፅ ይነበብ። ሹክሹክታ፣ ማስረዘም፣ የጀርባ ሙዚቃ አያስፈልግም። ለሚቀርብዎት ሰው «አንተ» ወይም «አንቺ» እያሉ ይለውጡት።

«ወንበሩ ላይ ይመቻቹ። ዓይንዎ ተገልጦ ይሁን። በፈለጉ ጊዜ ማቆም ይችላሉ።»

«ሁለቱም እግርዎ መሬት ላይ ነው። ክብደታቸውን ይሰሙ። ቀዝቀዝ ይላል? ሞቅ ይላል?»

«ሐሳብ ከመጣ ይምጣ። ድምፅ ከመጣ ይምጣ። መምጣቱን ልብ ይበሉና ወደ እግርዎ ይመለሱ።»

«አሁን ልብዎ የት ነው ያለው? የትም ቢሆን ችግር የለውም። ወደ እግርዎ ቀስ ብለው ይመልሱት።»

«የሚያስጨንቅ ነገር ካለ መልስ መስጠት የለብዎትም። ማባረርም የለብዎትም። ወለሉን ይሰሙ።»

«አሁን ልንጨርስ ነው። ቀና ይበሉ። የሚያዩትን ሦስት ነገር ይንገሩኝ።»

ለ3 ደቂቃ ይህ ይበቃል። ጊዜው ሲጨምር ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ያሉትን መስመሮች እየደጋገሙ ያንብቡ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

*«ዛሬ ድምፁ አልጠፋም፤ አልሠራልኝም።»* መለኪያው ይህ አይደለም። የሚጠየቀው፦ ድምፁ ሲመጣ ስንት ጊዜ ተከተልኩት? ከመጣ በኋላ ቀኔን ምን ያህል ወሰደብኝ? የሚለው ነው።

*ሲሻሻል መድኃኒት ማቆም።* ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ የማገርሸት ዕድሉ በጣም ይጨምራል። የሚያታልለው ደግሞ ወዲያው አለመምጣቱ ነው። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ደህና ሆኖ ይቆይና ይመጣል፤ ሰውየውም «ያለ መድኃኒት ችያለሁ» ብሎ ያምናል። መጠኑ ከበዛብዎት ወይም የጎንዮሽ ጉዳቱ ካስቸገረዎት ያንኑ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ቀስ በቀስ የሚቀነስበት መንገድ አለ።

*10 ደቂቃ ከጠቀመ አንድ ሰዓት የበለጠ ይጠቅማል ማለት።* አይደለም። ለቀናት በዝምታ የሚቆዩባቸው፣ ጾምና ትንሽ እንቅልፍ የሚጨመርባቸው የሜዲቴሽን ቆይታዎች ሳይኮሲስ ቀስቅሰው ያውቃሉ። ከዚህ በፊት ሕመሙ የነበረበት ሰው አይግባባቸው።

*ሐሺሽ አጭሶ መቀመጥ።* «ያረጋጋኛል» የሚሉኝ አሉ። ሐሺሽ ሳይኮሲስን ያባብሳል፤ ከልምምዱ ጋርም ከልምምዱ ውጭም አይመከርም።

*ልምምዱን መሸሸጊያ ማድረግ።* ሰው ላለማግኘት፣ ከክፍል ላለመውጣት የሚቀመጡ ከሆነ ልምምዱ ቀርቶ መገለል ሆኗል። በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚያቆሙበት ምልክት

ከነዚህ አንዱን ካዩ ልምምዱን ያቁሙና በዚያው ሳምንት ባለሙያ ያግኙ፦

- በተከታታይ ለሁለት ጊዜ፣ የኋላው ቁጥር ከፊተኛው በ2 ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ።
- ከሰውነትዎ የወጡ መስሎ ከተሰማዎት፣ ወይም ዙሪያዎ ያለው ነገር እውን አልመስል ካለዎትና ስሜቱ ካልለቀቀዎት።
- ልምምዱ ልዩ መልእክት ወይም ልዩ ኃይል እየሰጠዎት እንደሆነ ማመን ከጀመሩ።
- እንቅልፍዎ ከቀነሰ፣ ምግብ ካስጠላዎት፣ ከሰው መሸሽ ከጀመሩ።

ራስን ወይም ሌላን የመጉዳት ሐሳብ ወይም ትእዛዝ ከመጣ ሳምንት አይጠበቅም። ብቻዎን አይሁኑ፤ አጠገብዎ ላለ ሰው ይንገሩና ወዲያው አቅራቢያዎ ወዳለ የድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።

ለአስታማሚ

አያስገድዱ። እምቢ ካለ ዛሬ እምቢ ነው። ስለ ድምፁ ይዘት አይከራከሩ፤ «እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ማለትም፣ «አዎ ልክ ነህ» ማለትም አይረዳም። «ያስጨንቃል፤ ይገባኛል» ይበቃል። ዓይኑን ጨፍኖ ለሰዓታት የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ አይተዉት። በስሙ ጠርተው፣ ትከሻውን ከመንካትዎ በፊት ፊት ለፊት ታይተው፣ ለሚንቀሳቀስ ሥራ ይጋብዙት። ደጋግሞ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ልምምድ የሚመስለው ነገር ራሱ የሕመሙ ምልክት ሊሆን ይችላልና።

እርስዎም ይደክማሉ። ከታካሚው ጋር ሦስቱን ደቂቃ አብረው ይቀመጡ እንጂ እንደ ተቆጣጣሪ አይመልከቱት። ያኔ እሱም የሚታይ ሰው መሆኑ ይቀርለታል።

ወደ ቀጠሮ ሲሄዱ

ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ጊዜ ስለማይኖረው ከዋዜማው አንድ ገጽ ላይ ይጠቅልሉት፦ ስንት ቀን ተለማመዱ፣ ቁጥሩ ወደየት አመራ፣ እንቅልፍ እንዴት ነበር፣ ያመለጠ መድኃኒት አለ ወይ፣ የከበደዎት ቀን የትኛው ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ የጻፉትን «ምን ምልክት ባይ ልደውል?» የሚለውን መልስም እንደገና ያሳዩት። መድኃኒት ሲቀየር ወይም ሁኔታዎ ሲለወጥ መልሱም ሊለወጥ ይችላል፤ አዲሱን ከፊተኛው በታች ይጻፉ፣ ለአስታማሚዎም ያንብቡለት።